አራት ዱላ ለአንዲት ልጅ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሮይስ ታልማን አራት የሶፍትቦል ኳስ መምቻ ዱላዎች በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ከቤት ወጣ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ማረን በስስ ማሊያና በካልሲ ተከተለችው። ጃኬቷ ሳሎን ሶፋው ላይ ቀርቷል፤ ልብ ያለው የለም። የየካቲት ጭጋግ ሰፈሩን ውጦታል፤ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ይሰማል እንጂ አይታይም። ሮይስ የብርድ ልብሱን ሽቦ ከመኪናው መሰኪያ ጋር አገናኘ፤ ትንሿ መብራት መብራቷን ጎንበስ ብሎ አረጋገጠ፤ ከዚያ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ወደተቀመጠችው ልጁ ሳይሆን ወደ እህቱ ዞረ።

«አርዲ፣ አንቺ ከኋላ ሁኚና ያዢልኝ። እንዳይጋጩ። እነዚህ ነገሮች ብርድ ከነካቸው ይሰነጠቃሉ።»

«ልጅቷስ?» አለች አርዲት።

«ልጅቷ ምን?»

«አትሰነጠቅም?»

«በጠዋቱ አትጀምሪኝ እባክሽ» አለና በሩን ዘጋው።

አርዲት ተመልሳ ገብታ ጃኬቱን አመጣች፤ ለልጅቷ በመስኮት አቀበለቻትና ከኋላ ተቀምጣ ዱላዎቹን ጭኗ ላይ ተቀበለች። ይሞቃሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ኖራለች፤ ሃያውን ዓመት በልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ፣ የሰው ወገብ እየለካች፣ የሰውን ሞኝነት በሴንቲሜትር ስታይ ነው የከረመችው። እንዲህ ያለውን ግን አይታ አታውቅም። ልትናገር አፏ ድረስ መጣና ዋጠችው። የምትኖረው በወንድሟ ጋራዥ ግማሽ ውስጥ ነው፤ ሌላው ግማሽ የማረን መለማመጃ መረብ ነው፤ በመሃል ያለው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ካለፈው መኸር ወዲህ ሮይስ ያን ኮምፔንሳቶ ባየው ቁጥር «ይቺ ብትነሳ እኮ የኳስ መወርወሪያ ማሽን ይገባ ነበር» ይላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ክረምቱ ይውጣና ስለ ጋራዡ እናወራለን» አላት። ክረምቱ ሲወጣ ጉዳይዋ የሚወራባት ሴት ክረምቱን ምላሷን መዝና ትኖራለች።

አራቱ ዱላዎች አራት ሥራ አላቸው፤ ሮይስ መኪና እየነዳ ይህንኑ ለሦስተኛ ጊዜ አስረዳ። ቀዩ አራት መቶ ሃምሳ ዶላር የወጣበት፣ የዘንድሮ፣ ለጨዋታ ብቻ የሚወጣ ነው። ጥቁሩ ቀላል ነው፤ ፈጣን ወርዋሪ ስትመጣ። ሰማያዊው ከበድ ይላል፤ ወርዋሪዋ ስትዘገይ። ነጩ የአምና ነው፤ በእሱ አነጋገር «የሞተ» ነው፤ ለልምምድ ብቻ። በሮይስ እምነት ዱላ ሲፈጠር ሆዱ ውስጥ የተቆጠረ ምት አለው፤ ልምምድ ላይ የባከነ ምት ከጨዋታ የተሰረቀ ምት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ በማትጫወትበት ዱላ ትለማመዳለች፤ ቅዳሜ ባልተለማመደችበት ዱላ ትጫወታለች። ይህን ያሰበ ሰው መንጃ ፈቃድ አለው፤ በምርጫ ቀን ድምፅ ይሰጣል፤ አንድ የመስኖ ቧንቧ መጋዘን ውስጥም አሥራ አራት ሠራተኛ ያዛል።

«ዛሬ ቀልድ የለም ሜሪ» አላት ልጁን። «ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ አሰልጣኟ ከአሥራ ሦስታችሁ ሁለታችሁን ትቀንሳለች። ባለፉት አራት ቅዳሜዎች ስንት መታሽ?»

«ሁለት።»

«ሁለት። ለምን? ከእኔ ዐይን ስለምትርቂ። ከመግባትሽ በፊት ወደኔ ተመልከቺ፤ ቀለሙን እነግርሻለሁ። ማሰቡን ለእኔ ተዪው፤ ያንቺ ሥራ መምታት ነው።»

ማረን ራሷን ነቀነቀች። መቀነስ እንደማትፈልግ አርዲት ታውቃለች፤ ማንም አልነገራትም፣ በኮምፔንሳቶው ነው የሰማችው። ትናንት ማታ ልጅቷ አባቷ ያዘዛትን መቶ ምት ጨረሰች፤ «በቃ ግቢ» ተባለች፤ አባቷ ከገባ በኋላ ማንም ሳያዛት አርባ ጨመረች። አርዲት የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እየሰፋች ቆጥራላታለች። የነጩ ዱላ ድምፅ ደረቅና አጭር ነው፤ ልክ ሲያርፍ መርፌ የያዘች እጅ እንኳ ለአንድ አፍታ ቆም ትላለች። ያ «የሞተ» የተባለው ዱላ አርባ ጊዜ አርባውንም ልክ አረፈ።

ሜዳዎቹ ከከተማው ዳር፣ የአልሞንድ እርሻ በሚጀምርበት በኩል ናቸው። ለመግቢያ ከአንድ ትልቅ ሰው አሥራ ሁለት ዶላር ይከፈላል፤ የራስን ወንበር ይዞ ለመግባት ነው ይሄ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ወላጆች ግን ድንኳናቸውን ተክለው፣ ምንጣፋቸውን አንጥፈው፣ ማሞቂያ ለኩሰው ሰፍረዋል፤ ሦስት ቀን የሚቆይ ከበባ የሚጠብቁ ይመስላሉ። የማረን ቡድን «ተርቦቹ» ይባላል። አሰልጣኟ ሉፔ አሬዶንዶ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሱፍ ፍሬ እየፈለጠች ገለባውን የምትተፋ ሴት ናት፤ ከወላጅ ጋር ማውራት አትወድም፤ አርዲት በዚህ ብቻ ታከብራታለች።

ከጨዋታው በፊት እንደ ወጉ ዱላዎቹ ሁሉ ሣሩ ላይ በሰልፍ ተጋደሙ። ዳኛው፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ቦርጫም ሰው፣ እያንዳንዱን አንስቶ ማኅተሙን አየ፤ ስንጥቅ እንዳለው በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሠላሳ አንድ ዱላ ለአሥራ ሦስት ልጅ። ከሠላሳ አንዱ አንዷን ወደ ጎን አወጣት፤ እጀታዋ ላይ ጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለባት፣ ቀለሟ የተላጠ ዱላ ነበረች። «ተሰንጥቃለች፤ አትገባም» አለ። የማረን የቡድን ጓደኛ የኢትዜል ናት። ኢትዜል ያላት ይቺው ናት፤ ሁለት ዓመት መታባታለች፤ የጠየቃት ሁሉ ተውሶ መትቶባታል። አባቷ ቅዳሜም ወይን ሊገርዝ ስለሚሄድ ሜዳው ላይ አልነበረም። ልጅቷ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ቆመች፤ ከዚያ ለማረን አንድ ነገር አንሾካሾከችላት። ማረን ወደ አራቱ ዱላዎቿ ተመለከተች፤ እጇን ወደ ሰማያዊው ዘረጋች።

«ማረን!» አለ ሮይስ ከአጥሩ ውጭ። «ያ የሚበደር አይደለም።»

«አባዬ እኔ አሁን አልመታበትም እኮ—»

«አልኩሽ እኮ። ውስጡ ያለው ምት ያንቺ ነው፤ የሰው አይደለም።» ከዚያ አጠገቡ ወዳለው አባት ዞረ። ዋይላን ይባላል፤ የሴት ልጁ ዱላዎች አምስት ናቸው። «ክፋት አይደለም፤ አይደል? መርህ ነው።»

«ለእኔ ልጅም እንዲሁ ነው ያልኳት» አለ ዋይላን። «አንድ ጊዜ ያበደርሽ እንደሆነ በቃ፣ የማኅበር ዱላ ሆነ።»

ሁለቱም ሳቁ። አርዲት ከወንበሯ ተነስታ ልትናገር ነበር፤ ጉልበቷ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ኮምፔንሳቶው ትዝ አላትና መልሳ ተቀመጠች። ጉልበቷ ቀደመ፤ ምላሷ አልተከተለውም። ለኢትዜል ከዕቃ ቤቱ ጥግ አንድ አሮጌ፣ ከሷ ክንድ የሚረዝም ዱላ ተገኘላት። አሰልጣኟ እጀታው ላይ እጇን ከፍ አድርጋ እንድትይዘው በእጇ አሳየቻት፤ ሌላ ነገር አላለችም።

አርዲት ራሷን ለመታዘብ ደፋር ናት፤ ስለ ዱላ ብዛት ቅን ፍርድ ልትሰጥ ሞክራለች። እሷም ሦስት መቀስ አላት። አንዱ ለሐር፣ አንዱ ለጂንስ፣ አንዱ ለወረቀት። ወረቀት በሐር መቀስ የቆረጠን ሰው ከሱቁ አባርራ ታውቃለች። ስለዚህ መሣሪያ መብዛቱ ብቻውን ዕብደት አይደለም፤ ትልልቆቹ ተጫዋቾች፣ ክንዳቸውን የሚያውቁት፣ ሁለት ዱላ ቢይዙ ምክንያት ይኖራቸዋል። ነገር ግን የሐሩን መቀስ የሚያነሳው የእሷ እጅ ነው። ከአጥር ውጭ ቆሞ «አሁን ጂንሱን! አሁን ሐሩን!» የሚላት ሰው ቢኖር፣ የሙሽራዋን ቀሚስ ሳይሆን የሰውየውን ከረባት ነበር የምትቆርጠው።

የመጀመሪያው ጨዋታ እንደዚያው ሆነ። ሮይስ ከመቺዎቹ ጀርባ ካለው የሽቦ አጥር ተጠግቶ ቆመ፤ በአንድ እጁ የትራፊክ ፖሊስ የሚይዘውን ዓይነት የፍጥነት መለኪያ፣ በሌላው ማስታወሻ ደብተር። ወርዋሪዋ ስትሟሟቅ ለካት። በሰዓት አርባ ስምንት ማይል። «ሰማያዊ!» ማረን ሰማያዊውን ይዛ ገባች። ወርዋሪዋ ሰውነቷ ሞቆ የመጀመሪያውን ኳስ በሃምሳ አንድ ለቀቀችው። «ጥቁር! ጥቁር!» ማረን ለዳኛው እጇን አንስታ ሮጠች፤ ሰማያዊውን ጣለች፤ ጥቁሩን አነሳች፤ ተመለሰች። ኳሱ ሳይደርስ ዱላውን ቀድማ ወዘወዘችው፤ ቀላል ነዋ። ቀጥሎ በዝግታ ወዘወዘችው፤ ኳሱ አለፋት። ሦስተኛውን ቆማ አየችው። ዕድሏ አለቀና ወጣች። ስትመለስ አባቷ ማስታወሻው ላይ ይጽፍ ነበር፤ ቀና ሳይል «ዱላውን አላመንሽውም» አላት። ኢትዜል በዚያ ከክንዷ በሚረዝም አሮጌ ነገር ኳሷን ከሁለተኛዋ ቤዝ፣ ከሁለተኛዋ የሩጫ ማረፊያ፣ በላይ አሻገረቻት። የወላጆቹ ድንኳን ጭብጨባ ለደንቡ ያህል ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ ናት።

በሁለተኛው ጨዋታ ቀዩ ወጣ። ጭጋጉ ተነስቶ ፀሐይ ስለወጣች ሮይስ ብርድ ልብሱን ገልጦ በሁለት እጁ አወጣው፤ ዋይላንም ሊያየው መጣ። አንዴ ተቀብሎት ወዘወዘው፤ ድምፁን ለመስማት በጣት አጥንቱ አንኳኳው።

«ከእንቅልፉ ነቅቷል?» አለ ዋይላን።

«ሊነቃ ነው። መቶ ሰባ ምት ሰጥቼዋለሁ። በፕላስቲክ መዶሻ፣ እያዟዟርኩ፣ ሌሊት ሌሊት።»

«ሚስትህ ምን አለች?»

«ምን ትላለች፤ ትተኛለች።»

«የኔዋ አንሶላዋን ይዛ ሳሎን ገባች» አለ ዋይላን በኩራት።

ማረን በቀዩ አንድ ኳስ ጠርዙን ነክታ ወደ ኋላ፣ ከአጥሩ በላይ ላከችው። ቀጥሎ ሳተች፤ ቀጥሎ ሳተች። በሁለተኛው ተራዋም አባቷ መሃል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ሰማያዊውን አስያዛት፤ ወጣች። አሰልጣኝ ሉፔ ከኪሷ አጣጥፋ የያዘችውን ወረቀት አውጥታ፣ እርሳሷን ምራቅ አስነክታ አንድ ነገር ሰረዘችበት። አርዲት አየቻት። ሮይስም አያት፤ ግን ስለ ዋይላን ልጅ መሰለው።

ለምሳ እረፍት ሲሆን አርዲት እንቁላልና ድንች የተጠቀለለበት ስስ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ ገዛች፤ ዘጠኝ ዶላር፤ እዚያው ከበሩ ውጭ ሦስት ዶላር ነው። ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ለማረን ሰጠቻትና ከድንኳኖቹ ኋላ ጠርዝ ላይ አብረው ተቀመጡ። ልጅቷ መዳፏ ላይ የማሊያ ቁጥሯን፣ አሥራ አራትን፣ በእስክሪብቶ ጽፋለች። ላቡ አደብዝዞታል። አጠገባቸው አንዲት እናት ሌላዋን ስለ ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ዋጋ ታማክራለች።

«ማረን፣ ከአራቱ የትኛው ነው ደስ የሚልሽ?» አለች አርዲት በመጨረሻ።

ልጅቷ አየቻት፤ የማታውቀው ቋንቋ የተናገረቻት ያህል። «አባዬን ጠይቂው አክስቴ።»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

«ቀዩ... አዲሱ ነው።»

«አዲስ የቱ ነው አላልኩም። እጅሽ ላይ ደስ የሚልሽ።»

ማረን ትከሻዋን ሰበቀች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ብቀነስ አባዬ ዱላዎቹን ምን ያደርጋቸዋል?» አለች።

«ይሸጣቸዋል።»

«ሁሉንም?»

ልጅቷ ቶርቲያዋን ጨርሳ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ሄደች። አርዲት የቀረላትን ግማሽ መብላት አቃታት። «የሞተው ዱላ ነው የሚመታልሽ፤ በየማታው እሰማዋለሁ» ለማለት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም ነበር፤ ያን ደቂቃ ግን ከመኸር እስከዛሬ አላገኘችውም። በወንድሟ ላይ የምታፈሰው ንቀት ርካሽ እንደነበር አሁን ገባት፤ አፍ ውስጥ የሚቀር ንቀት ማንንም አያስከፍልም፤ ቤት ኪራይም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጨዋታ ሲጀመር ፀሐይዋ በርትታለች። ማረን በሁለተኛው ዙር ተራዋ ደረሰ፤ እንደታዘዘችው ቀዩን ይዛ ገባች። ሮይስ ከአጥሩ ጀርባ መለኪያውን አነጣጥሮ ነበር። የመጀመሪያው ኳስ አለፈ። «ሃምሳ ሁለት! ጥቁሩን! ማረን፣ ጥቁሩን ያዢ!» ዳኛው እጁን አንስቶ ጨዋታውን አቆመ። ጭምብሉን አወለቀ። ላቡን ጠረገ። ወደ አጥሩ ቀስ ብሎ መጣ፤ ጉልበቱ እንደሚያመው ያስታውቃል።

«ጌታው፣ ጠዋትም ነግሬዎታለሁ። ከዚህ ጀርባ ማንም አያሰለጥንም።»

«እኔ አላሰለጠንኩም፤ ቀለም ነው የነገርኳት።»

«እንግዲያው ቀለሙን መኪናዎ ውስጥ ይጨርሱት። እኔ ይህን ጨዋታ እስክጨርስ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሂዱልኝ።»

«ልጄ እኮ ናት! ከፍዬ ነው የገባሁት!»

«እኔም የልጅ ልጅ አለኝ፤ ዛሬ ልደቷ ነው፤ እዚህ ቆሜ ከእርስዎ ጋር እከራከራለሁ። ይሂዱ።»

ወላጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት፤ አንዳንዱ ስልኩን አነሳ። የሮይስ አንገት ቀላ። መለኪያውን ቦርሳው ውስጥ ወረወረ፤ ከማስታወሻ ደብተሩ አንድ ገጽ ገነጠለና እየተጣደፈ ወደ አርዲት መጣ። ገጹ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ሠንጠረዥ ነበር፦ ፍጥነት፣ ቀለም፣ የነፋስ አቅጣጫ ሳይቀር። «አሁን ጥቁር ነው። ይቺ ወርዋሪ ከተቀየረች ሰማያዊ። በመጨረሻው ዙር ቀይ፣ ምንም ቢሆን ቀይ። ጮክ ብለሽ ሳይሆን በእጅሽ አሳዪያት፤ እየጠበቀችሽ ነው። አርዲ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለዚህ ቤት ጥቀሚ።» ይህን ብሎ ከምግብ መሸጫው ቤት ኋላ ተሰወረ። ከዚያ በኩል የሚታየው የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ብቻ ነው።

ማረን ቀዩን እንደያዘች ዞራ አክስቷን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ፍርሃት አልነበረም፤ መጠበቅ ነበር፤ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ መንገድ ዳር እንደሚቆም ሰው። አርዲት ወረቀቱን ያዘች። «ነጩን» ልትል አፏን ከፈተች። እርግጠኛ ነበረች፤ አርባ ጊዜ ቆጥራለች። በዚያች አፍታ ግን ምን ልትሆን እንደሆነ ታያት፤ ከአጥር ውጭ ቀለም የምትጠራ ሌላ ታልማን። ልክ ብትሆንም፣ በተለይ ልክ ከሆነች። አፏን ዘጋች። ይህን ከጥበብ ብቻ አደረገችው ማለት ውሸት ይሆናል፤ ጥቁሩ ነው ብትል ልጅቷን ትጎዳለች፣ ነጩ ነው ብትል ጋራዧን ታጣለች፤ ዝም ማለት እንደ ወትሮው የሚመቻት ነገር ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ተቀመጠችበት። ሁለት እጇን ባዶ አድርጋ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ ልጅቷ እንድታያቸው።

ማረን ጠበቀች። «መቺ፣ እንሂድ» አለ ዳኛው። ልጅቷ አባቷ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች፤ አክስቷን አየች፤ አሰልጣኟን አየች። አሰልጣኝ ሉፔ ገለባ ተፋች። ከዚያ ማረን «አንዴ ይቅርታ» ብላ ወደ አጥሩ ሮጠች፤ ቀዩን አስቀመጠች። እጇ ጥቁሩ ላይ ለአፍታ ቆመ። አለፈው። ሰማያዊውን አለፈው። ለማሟሟቂያ ብቻ የመጣውን፣ ጫፉ የተፋቀውን ነጩን አነሳች።

ተአምር አልሆነም። የመጀመሪያው ምቷ መሬት ለመሬት ተንከባለለ፤ ሦስተኛዋ ቤዝ ላይ ያለችው ልጅ አንስታ ወረወረችና ማረን ሳትደርስ ወጣች። ግን እስከ መጨረሻው ሮጠች፤ ተመልሳም ነጩን ከአጥሩ ላይ አልሰቀለችውም፤ ጭኖቿ መሃል አቁማው ተቀመጠች፤ ኢትዜልም ጫፉን እየዳሰሰች አንድ ነገር ስትላት ሁለቱም ሲስቁ ታዩ። በመጨረሻው ዙር፣ ሁለት ልጆች ቤዝ ላይ ቆመው፣ ተራዋ ሲደርስ ማረን ወደ ማንም አልዞረችም። አርዲት ድምፁን አወቀችው። ደረቅና አጭር። ኳሷ በሁለቱ የኋላ ተከላካዮች መካከል አልፋ እስከ ኋላው አጥር ተንከባለለች፤ ሁለቱም ልጆች ነጥብ አስቆጥረው ገቡ፤ ማረን ሁለተኛዋ ቤዝ ላይ ቆማ፣ የራስ ቁሯ ዐይኗ ላይ ወርዶ፣ ማን እንደሚያጨበጭብላት የማታውቅ መሰለች። ዋይላን ስልኩን እያየ ነበር፤ የእሱ ልጅ ተራ ገና ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኟ ልጆቹን ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስባ አሥራ አንድ ቁጥር አነበበች። አሥራ አራት የተነበበው አሥራ አንደኛ ሆኖ ነው። የኢትዜል አራተኛ ነበር። ያልተጠሩት ሁለቱ ቦርሳቸውን እየጎተቱ ሄዱ፤ የአንደኛዋ እናት ለአሰልጣኟ ጮክ ብላ የማይጻፍ ነገር ተናገረቻት። አርዲት ብርድ ልብሱን ስታጣጥፍ ሉፔ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«ምሳ ላይ ሰርዣት ነበር» አለች።

«አይቼሻለሁ።»

«ዱላ ምንም አይደለም። አንድ ይሁን፣ ሁለት ይሁን፣ እኔ ግድ የለኝም። ግን መቺ ፈልጌ ነው የምሰበስበው፤ ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ጠያቂ ነበረች።» ገለባዋን ተፋች። «ለወንድምሽ ንገሪው አልልሽም። ሰምቶ አያውቅም።»

ሮይስ ሲመጣ የሰማው ነገር ግማሽ ነበር፤ መቀጠሏንና በመጨረሻው ዙር ሁለት ልጅ ማስገባቷን። ልጁን ከመሬት አነሳት፤ ዋይላንን በጀርባው መታው፤ ዳኛውን በሌለበት ይቅር አለው። መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ ኋላ ዞረ፤ ዐይኑ ያበራል።

«በየትኛው ነው? በየትኛው መታሻት?»

አርዲት ጭኗ ላይ ያሉት ዱላዎች ከበዷት። እውነቱ ቢነገር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ነጩ ነቅቷል ይባላል፤ ይወለወላል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ከነገ ጀምሮ ልጅቷ አትነካውም። ማረን ለአንድ አፍታ ብቻ ወደ ኋላ ተመለከተች። ልመና አልነበረም፤ አክስቷ የት ላይ እንደቆመች ማየት ብቻ ነበር።

«በቀዩ» አለች ማረን።

«አርዲ? እውነቷን ነው? በመጨረሻው ዙር ቀይ ብለሻታል?»

ስድስት ወር ሙሉ እውነት ይዛ ዝም ያለች ሴት አሁን ለውሸት አፏን ከፈተች። «በቀዩ ነው» አለች።

«አላልኩም? ምንም ቢሆን ቀይ አላልኩም?» ሮይስ እጁን ዘርግቶ ቀዩን ከጭኗ ላይ ወሰደው። በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠው። ጠዋት ጠርዙን ነክታ ያለፈችው ኳስ የተወችውን ቢጫ ጭረት አገኘና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ይኸው። እዚህ ጋ ነው ያረፈችው። ነቅቷል፤ በቃ፣ ነቅቷል።» በገዛ ሸሚዙ ጠረገው፤ ተመልሶ እንዲጠቀለል ለእህቱ ሰጣት። «ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄ የሐምሌ ነው፤ ለትልቁ ውድድር። እስከዚያ ማንም አይነካውም። ጥቁሩና ሰማያዊውም ቢሆኑ ይቆዩ፣ ምታቸው ይጠበቅ። እስከዚያ በዚያ በሞተው ትጫወት፤ ምን ይጎድልባታል? ትጨርሰው። አይደለም ሜሪ?»

«እሺ አባዬ።»

መኪናው ተነሳ። ሮይስ እያፏጨ በአልሞንዶቹ መሃል ነዳ፤ ወዲያው ደግሞ ሐምሌ ሁለተኛ ቀይ መያዝ ሳያስፈልግ እንደማይቀር፣ አንዱ ቢሰነጠቅ ምን እንደሚደረግ ማስላት ጀመረ። ከዚያ ያልጠየቀው ትዝ አለው።

«ግን ንገሪኝ እስቲ፣ ስታርፍ ምን ይላል? እጅሽ ላይ?»

ማረን በመስኮቱ ትመለከት ነበር። ዞራ ፈገግ አለችለት።

«ልክ አንተ እንዳልከኝ ነው አባዬ። ምንም አይሰማም። ቅቤ ነው።»

አርዲት ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ወገቧን ሁለት ቁጥር አሳንሳ የተናገረችን ሙሽራ «ልክ ነሽ እመቤቴ፣ ክሩ ነው የጠበበው» ስትላት የምታወጣው፣ ከላይ ስኳር የተነሰነሰበት ንቀት። እሷ እንዲህ አድርጋ ለመናገር ሃያ ዓመት ፈጅቶባታል። ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባቷም ከጎኗ እየነዳ በደስታ ይስቃል።